«ይሄ ጥፋት ይቆጥራል»፦ አንድ የቆመ ፍሬዛ በሊነክስ ሲኤንሲ እንዴት እንደተነሳ

ፍሬዛው፣ ማለትም በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቀርጸው ማሽን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ሸራ ተጥሎበታል፣ ጠረጴዛው ላይ ቁርጥራጭ ብረት ተከምሮበታል። ሸራውን ገፍፈን የኤክስ አክሲሱን በእጅ ሳዞረው ግን ምንም ሳያንገራግር ሄደ። ኩሽኔታው ጤነኛ ነው። ጠረጴዛውን የሚገፋው ጥርሳም ዘንግ፣ ቦል ስክሩው፣ አልተበላም። ሦስቱም ስቴፐር ሞተሮች (በጥቃቅን እርምጃ የሚዞሩ ሞተሮች) በቴስተር ሲለኩ ደህና ናቸው። የሞተው መቆጣጠሪያው ብቻ ነው። ካርዱ ተቃጥሏል፣ እንዲህ ዓይነት ካርድ መመረት ካቆመም ቆይቷል።

የማሽኑ ባለቤት ዕድሜያቸውን ከቶርኖና ከፍሬዛ ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ብዙም አይነኩም። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩን እችላለሁ፣ ብረት ላይ ግን ገና ጀማሪ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን በነፃ ሶፍትዌር ይነሳል» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «መነሳቱንስ ይነሳ። ልኩን ይይዛል ወይ?» አሉኝ።

ማሽኑ በሁለተኛው ሳምንት ተነሳ። ልኩን የያዘው ግን በአምስተኛው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሩን ስለ መጫን የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ማሽኑ እየሠራ መዋሸት ሲጀምር ምን እንደሚደረግ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው።

ምርጫው

ለትንንሽ ራውተርና ሌዘር ብዙ ሰው የሚጀምረው ግርብል በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። አርዱዊኖ ኡኖ በምትባል ትንሽ ካርድ ላይ ይሠራል፣ ለመጫን ቀላል ነው፣ ለሦስት አክሲስ ትንሽ ማሽንም ይበቃል። የእኛ ፍሬዛ ግን መቁረጫውን የሚያዞረው ስፒንድል ፍጥነቱን በሚቆጣጠር ኢንቨርተር ነው የሚዞረው። የቅባት ፓምፕ፣ የማቀዝቀዣ ፓምፕና የበር ስዊች አለው። ወደፊት ደግሞ አራተኛ አክሲስ እንዲገጠምለት ይፈለጋል። ይህን ሁሉ እንደ ልባችን የምናያይዝበት ነገር ስላስፈለገን ሊነክስ ሲኤንሲን መረጥን።

ሊነክስ ሲኤንሲ መነሻው ኒስት የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተቋሙ «ኢኤምሲ» በሚል ስም የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሠራ። የመንግሥት ሥራ ስለነበረ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ከዚያ በጎ ፈቃደኞች ተረከቡት፣ አሳደጉት፣ ስሙም በኋላ ተቀየረ። ዛሬ ፍሬዛ፣ ቶርኖ፣ ፕላዝማ መቁረጫ፣ ሮቦት ክንድ ሳይቀር ያንቀሳቅሳል።

እኔን የማረከኝ ግን «ሃል» የሚባለው ክፍሉ ነው። ሃልን እንደ ተርሚናል ቦርድ አስቡት። በአንድ ወገን የሶፍትዌሩ ፒኖች አሉ፦ «ስፒንድል ይዙር»፣ «ፓምፕ ይከፈት»፣ «ኤክስ እዚህ ቦታ ይሁን»። በሌላ ወገን የካርዱ መግቢያና መውጫ ፒኖች አሉ። መሃል ላይ ሽቦውን የምትዘረጉት እናንተ ናችሁ። ሽቦው ግን በጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ይህ ፒን ከዚያ ፒን ጋር ይገናኝ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ።

ጋሼንም ያሳመናቸው ይሄው ነው። «ሃል ሜትር» የሚባለውን ትንሽ መስኮት ከፍቼ አክሲሱ ጫፍ መድረሱን የሚያሳውቀውን የሊሚት ስዊች ፒን አስገባሁበት። እሳቸው ስዊቹን በጣታቸው ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል ተለወጠ። ሲለቁ ተመለሰ። አራት አምስት ጊዜ ደጋገሙት። «ይሄማ ቴስተር ነው» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሩን መፍራት ተዉ።

ኮምፒውተሩ ከማሽኑ በፊት ይፈተናል

ያገኘነው ኮምፒውተር አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ሊነክስ ሲኤንሲ ተዘጋጅቶ የሚመጣበትን ዴቢያን ላይ የተመሠረተ ኢሜጅ ጫንኩበት። ይህ ኢሜጅ ተራ ሊነክስ አይደለም። «ፕሪኤምፕት አርቲ» የሚባል፣ ሥራን በሰዓቱ ለማድረስ ቅድሚያ የሚሰጥ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አለው። ይህ ሥራ ለረጅም ዓመታት ከዋናው ሊነክስ ውጪ እንደ ተለጣፊ ሲኖር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ዋናው ከርነል ገብቷል።

ለምን ያስፈልጋል? ተራ ኮምፒውተር ፈጣን ነው እንጂ ቀጠሮ አክባሪ አይደለም። የእናንተን ሥራ ትቶ ለቅጽበት ዲስክ ሊያነብ፣ መስኮት ሊስል ይችላል። ጽሑፍ ስትጽፉ ይህ አይታወቃችሁም። መቁረጫው ብረት ውስጥ ገብቶ ሳለ ግን ይታወቃል።

መዘግየቱን የሚለካ «ሌተንሲ ቴስት» የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚታየው ቁጥር አማካዩ አይደለም፣ ትልቁ ነው። ከመቶ ሺህ ቀጠሮ አንዷን ብቻ ቢያረፍድ እንኳ የሚቆጠረው ያቺ አንዷ ናት። የእኛ ኮምፒውተር ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ትልቁ መዘግየቱ 9 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ትልቅ ፋይል እያስገለበጥኩት ቪዲዮ ስከፍትበት በአንድ ጊዜ 240 ላይ ዘለለ።

ባዮስ ውስጥ ገብቼ ኃይል ቆጣቢዎቹን ሁሉ አጠፋሁ። ሃይፐር ትሬዲንግንም አጠፋሁ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ 40 ላይ ቆመ። ይህ ቁጥር ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ለማወቅ የግድ የራስን ማሽን ማስላት ያስፈልጋል።

ስሌቱ ይሄ ነው። ስቴፐሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ይሄዳል። ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ድራይቨር እያንዳንዱን እርምጃ ለ10 ይከፋፍለዋል፣ ስለዚህ በዙር 2000 ጥቃቅን እርምጃ አለ። ቦል ስክሩው በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። 2000 ለ5 ሲካፈል በአንድ ሚሊ ሜትር 400 እርምጃ ይሆናል። የምንፈልገው ትልቁ ፍጥነት በደቂቃ 3000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 50 ነው። 50 በ400 ሲባዛ በሰከንድ 20,000 ምት (ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ የኤሌክትሪክ ምልክት) ይመጣል። በየ50 ማይክሮ ሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ምቱን ራሱ በፓራለል ፖርት ቢያወጣ፣ በየ50 የሚመጣ ቀጠሮ ላይ 40 ማርፈድ ሞተሩን ያንገጫግጨዋል።

ስለዚህ ምት የሚያወጣውን ሥራ ከኮምፒውተሩ ላይ አወረድነው። ሜሳ 7አይ76ኢ የሚባል ካርድ ገዛን። ካርዱ ላይ ያለው ቺፕ ምቶቹን ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ያወጣል። ኮምፒውተሩ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ «አሁን በዚህ ፍጥነት ሂድ» ብቻ ይለዋል። ከ1000 ማይክሮ ሰከንድ ላይ 40 ማርፈድ ደግሞ ምንም አይደለም። ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በኔትወርክ ኬብል ነው። አድራሻውን በጃምፐር 10.10.10.10 ላይ አደረግነው፣ ኬብሉንም መሃል ላይ ምንም ሳናስገባ በቀጥታ ሰካነው። ኢንተርኔት የሚገባው በሌላ መንገድ ነው። ይህችን ሶኬት ከማሽኑ ሌላ ማንም አይጋራትም።

ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ

ሞተሮቹን ማሽኑ ላይ እንዳሉ ልሞክራቸው ነበር። ጋሼ እንቢ አሉ። «መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይዙር። ቢያብድ ማንንም አይጎዳ» አሉ። ትክክል ነበሩ። ሞተሩን ሞርሳ ላይ አስረን ዘንጉ ላይ የፕላስተር ባንዲራ ለጠፍን። 5 ሚሊ ሜትር ሂድ ስንለው ባንዲራዋ አንድ ዙር ዞራ መነሻዋ ላይ ቆመች። 400 የሚለው ቁጥር ልክ ነው ማለት ነው። የዋይ አክሲሱ ሞተር ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ዞረ። ሽቦ መቀያየር አላስፈለገንም፣ ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

መጀመሪያ ስናስነሳው «ፎሎዊንግ ኤረር»፣ ማለትም የታዘዘው ቦታና የተደረሰበት ቦታ ተራራቁ፣ እያለ ይቆም ነበር። ይህ መልእክት ጀማሪን ያስደነግጣል እንጂ ምክንያቱ ቀላል ነው። የማሽኑ ቅንብር በተጻፈበት ኢኒ ፋይል ውስጥ ለአክሲሱ የሚሰጥ የማፍጠኛ ቁጥር አለ፣ ምት ለሚያወጣው ክፍል የሚሰጥ ሌላ የማፍጠኛ ቁጥር ደግሞ አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። እኔ እኩል አድርጌያቸው ስለነበር ምት አውጪው የሚታረምበት ትርፍ አጣ። ከፍ ሳደርገው መልእክቱ ጠፋ።

የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ላይ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሰጠን። ቀዩ ቁልፍ ለሶፍትዌሩ «ቁም» ብሎ መልእክት የሚልክ ብቻ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ በቀዘቀዘበት ቅጽበት ቁልፉ ጌጥ ነው። የእኛ ቁልፍ ሲመታ ኮንታክተር በሚባል ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል የድራይቨሮቹን ኃይል ራሱ ይቆርጣል፣ ኢንቨርተሩንም ያቆማል። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ፣ በኮንታክተሩ ረዳት ኮንታክት በኩል ነው። ጋሼ ሞተሩ እየዞረ ሳለ የኔትወርክ ኬብሉን ነቀሉት። ምቱ ቆመ። መልሰው ሰኩና እንደገና አስነስተው ቁልፉን መቱት። ኃይሉ «ጧ» ብሎ ጠፋ። በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ፤ ሄዶም አያስቆጭም።

ሊሚት ስዊቾቹንም በተለምዶ ዝግ በሆነው በኩል ነው ያሰርናቸው። ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ስዊች እንደተነካ ቆጥሮ ይቆማል። በክፍቱ በኩል ቢታሰር ኖሮ የተበጠሰ ሽቦ የሚታወቀው ጠረጴዛው ጫፍ ሲመታ ነበር።

ልኩ የጠፋበት

ሁሉም ነገር ተገጠመ። ሆም አደረገ፣ ማለትም መነሻ ነጥቡን አገኘ። አክሲሶቹ በአይን ሲታዩ ውብ ሆነው ይሄዳሉ። ለመጀመሪያ ሙከራ አንድ የአሉሚኒየም ሳህን ሞርሳ ላይ አሰርን። ሥራው ቀላል ነው። ጥጉ ላይ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፣ መሃሉ ላይ ጎድጓዳ ይቦረቦራል፣ ከዚያ መቁረጫው ወደ ቀዳዳው ይመለሳል።

ተመለሰ። አልገጠመም። በኤክስ በኩል 0.3 ሚሊ ሜትር ስቷል።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ፍጹም ትክክል ነበር። ይህን እያንዳንዱ ጀማሪ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። ኢንኮደር (በእውነት የዞረውን የሚለካ መሣሪያ) በሌለው ስቴፐር ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አይደለም። ሞተሩ ቢዘል፣ ቢንሸራተት፣ ወደ ኋላ ቢሄድ ሶፍትዌሩ አያውቅም።

ሁለት ሳምንት የተሳሳተ ቦታ ስቆፍር ቆየሁ። ካፕሊንጉን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ለውጥ የለም። የድራይቨሩን አምፔር ከፍ አደረግኩ። ለውጥ የለም። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ እንደሆነ ብዬ ማፍጠኛውን በግማሽ ቀነስኩ። አሁንም ለውጥ የለም። የኢንቨርተሩ ሞገድ ምልክቱን እየረበሸ ይሆናል ብዬ ኬብሉን በጋሻ ኬብል ቀየርኩ፣ ከዚያም ስፒንድሉን ጨርሶ አጥፍቼ ያለ መቁረጫ አስኬድኩት። 0.3።

ማፍጠኛውን ስቀንስ ምንም አለመለወጡ ያኔውኑ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ያዩት ግን ጋሼ ናቸው። ወረቀት ላይ የጻፍኳቸውን ልኬቶች ተቀብለው አነበቡ። ሁሉም 0.3፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን።

«የላላ ነገር እንዲህ አያደርግም» አሉ። «የላላ ነገር አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ይሄ ጥፋት ይቆጥራል።»

ይቆጥራል! ምንድነው የሚቆጥረው?

ጥቃቅን ርቀት በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ኢንዲኬተር ማግኔት ላይ ተክለን መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍነው፣ ዜሮ ላይ አደረግነው። ሊነክስ ሲኤንሲ ማሽኑን በሚያዝበት ጂ-ኮድ ውስጥ ተደጋጋሚ ሥራ በሁለት መስመር ማዘዝ ይቻላል። 10 ሚሊ ሜትር ሂድ፣ ተመለስ፣ 100 ጊዜ ድገም አልኩት። መርፌዋ በየምልልሱ ወደ ዜሮ ስትመለስ አየናት። ግን ዜሮ ላይ ሙሉ በሙሉ አትደርስም። በጣም በጥቂቱ ትቀራለች። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ናት። 100ኛው ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ቀረች።

ጉዞውን 50 ሚሊ ሜትር አደረግነው፣ 100 ጊዜ። 0.5። ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስን። 0.5። ምልልሱን 200 ጊዜ አደረግነው። 1.0።

ስለዚህ ርቀት አይቆጥርም። ፍጥነት አይቆጥርም። የሚቆጥረው መመለስን ነው። አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር የሆነ ነገር ይጠፋል። መጠኑም ይታወቃል፦ 0.5 ለ100 ሲካፈል በምልልስ 0.005 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጥቃቅን እርምጃ 0.0025 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ምልልስ በትክክል ሁለት እርምጃ ይጎድላል። በነገራችን ላይ ባክላሽ (አቅጣጫ ሲለወጥ በስክሩው ላይ የሚታይ ክፍተት) እንዲህ አያደርግም። እሱንም ለካነው፣ 0.03 ነበር። ግን ባክላሽ አንዴ ይወሰዳል፣ ሲመለስ ይመለሳል። እየተጠራቀመ አይሄድም።

የጎድጓዳውን ጂ-ኮድ ከፍቼ መስመሮቹን ቆጠርኩ። በኤክስ 60 ምልልስ ነበረው። 60 በ0.005 ሲባዛ 0.3 ነው። ወንበሬ ላይ ተደግፌ ሳቅሁ። ማሽኑ ለሁለት ሳምንት እውነቱን ሲነግረን ነበር።

ከዚህ በኋላ መልሱ የድራይቨሩ ወረቀት ላይ ነበር። ድራይቨር ሁለት ሽቦ ያያል፦ አንዱ «እርምጃ»፣ አንዱ «አቅጣጫ»። ወረቀቱ የአቅጣጫ ሽቦው ከእርምጃው ምት ቢያንስ 5 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ መለወጥ አለበት ይላል። በእኔ ኢኒ ፋይል ውስጥ «ዲር ሴትአፕ» የሚለው ቁጥር 200 ናኖ ሰከንድ ነበር። 25 እጥፍ ያንሳል። ቁጥሩን ያመጣሁት ከሌላ ማሽን ፋይል ገልብጬ ነው። ያ ማሽን ሌላ ዓይነት ድራይቨር ነበረው፣ ለእሱ ልክ ነበር።

ድራይቨሩ ምልክቱን የሚቀበለው በብርሃን በሚሠራ ኦፕቶ በኩል ነው። ኦፕቶ ሲበራ ፈጣን ነው፣ ሲጠፋ ግን ይዘገያል። ስለዚህ አቅጣጫው በአንዱ ወገን ሲለወጥ በሰዓቱ ይደርሳል፣ በሌላው ወገን ሲለወጥ ይዘገያል። በዘገየው ጊዜ የመጀመሪያዋ ምት በአሮጌው አቅጣጫ ትሄዳለች። አንድ ወደ ኋላ መሄድ የነበረባት አንድ ወደ ፊት ሄደች። ልዩነቱ ሁለት እርምጃ ነው። ጎደለን ያልነው ሁለት ይኸው ነው።

ሴትአፑንም፣ አቅጣጫው ከምቱ በኋላ የሚቆይበትን «ዲር ሆልድ»ንም 10,000 ናኖ ሰከንድ አደረግኳቸው። የምቱን ርዝመትና በምቶች መሃል ያለውን ክፍተት እያንዳንዳቸውን 5,000 ላይ ተውኩ። በትልቁ ፍጥነት ምቶቹ በየ50,000 ናኖ ሰከንድ ስለሚመጡ ቦታ አያጣብቡም። የፍጥነት ኪሳራ የለውም። ለሦስቱም አክሲስ ቀየርኩ፤ ዋይና ዜድም ላይ ጥፋቱ እንዳለ በኢንዲኬተር አይተናል፣ ሥራው ብዙ የሚመላለሰው በኤክስ ስለነበር ነው እዚያ የታየው።

ኢንዲኬተሩን መልሰን ተከልን። በዚህ ጊዜ 1000 ምልልስ አዘዝኩ። ጋሼ ወንበር ስበው ከመርፌዋ ፊት ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። መርፌዋ ከዜሮ ከአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር በታች ነበረች።

«ልኩን ይይዛል» አሉ።

አሁን

ፍሬዛው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይሠራል። ኢኒና ሃል ፋይሎቹን በተለወጡ ቁጥር ቀን እየጻፍኩባቸው ቅጂ አስቀምጣለሁ። በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ከየት እንደመጣ አንድ መስመር ማብራሪያ አለ፦ ይሄ ከድራይቨሩ ወረቀት፣ ይሄ በኢንዲኬተር የተለካ፣ ይሄ ገና ያልተረጋገጠ። የገለበጥኩት ሆኖ ምንጩን የማላውቀው ቁጥር አሁን ፋይሉ ውስጥ የለም።

ጋሼ በበኩላቸው የምልልሱን ፕሮግራም ለራሳቸው አደረጉት። ካርቶን ቆርጠው «400» እና «10,000» ብለው ጽፈው የመቆጣጠሪያው ሳጥን በር ውስጥ ለጥፈዋል። በየሰኞው ጠዋት ኢንዲኬተሩን ይተክላሉ፣ 100 ጊዜ ያመላልሱታል፣ የመጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጀርባ በእርሳስ ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከፍሬዛው ጎን የቆመውን ቶርኖ አሳይተውኝ «የዚህስ ስክሩው በዙር ስንት ይሄዳል?» አሉኝ። ለክቼ እንድነግራቸው ነገ ቀጠሮ አለን።